ባለ ሁለት ቁልፉ ሳጥን

«ወደ በረሃ በመኪና ልወጣ ነው፤ ምን ምን ልያዝ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አሰብ ስድስት ዓመት መኖሬን የሰማ ሁሉ በረሃን እኔ ጠፍጥፌ የሠራሁት ይመስለዋል። እኔም አልክድም፤ አዋቂ መባልን ማን ይጠላል? ጉሮሮዬን ጠራርጌ «መጀመሪያ ትርፍ ጎማ» እላለሁ። «ከዚያ ክሪክ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ ውሃ...» ሰውየው ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ሲጀምር ግን አንድ ሳጥን ትዝ ይለኝና ላብ ላብ ይለኛል። ወዲያው ወሬውን ወደ ኑሮ ውድነት እመልሰዋለሁ። ዛሬ ግን አልመልሰውም። ያ ሳጥን ብዙ ዓመት አፍኖኛልና ይውጣልኝ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው በሐምሌ ወር አሰብ ሲመደብ ምን እንደሚሆን ማወቅ የፈለገ፣ ቅቤ የጋለ ድስት ውስጥ ይጣልና ይመልከት። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ፊቴን የገረፈኝ ግለት የሞተሩ መስሎኝ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። ግለቱ እዚያም አለ። በክንፉ ማዶ ዞርኩ፤ እዚያም አለ። በመጨረሻ አንዱ ሻንጣ አውራጅ አዝኖልኝ «ወንድሜ፣ አገሩ ነው» አለኝ።

የአሰብ ሰው ለዚህ ግለት መድኃኒቱን ያውቃል፤ ሽርጥ ነው። የማጣሪያው ኢንጂነርም ሆነ የጉምሩኩ ሹም፣ ከወሎ የመጣው መምህርም ሆነ ከሐረር የመጣው ኦፕሬተር፣ ከሥራ ሲወጣ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ ያሸርጣል። እኔ ብቻ እምቢ አልኩ። ሱሪ ለመንግሥት ሠራተኛ ክብሩ ነው ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ በሱፍ ሱሪ ውስጥ ተቀቀልኩ። ንብረት በማስረክብበት ቀን ደግሞ ከረባት እጨምራለሁ። ጎረቤቶቼ በር ላይ ተቀምጠው ሳልፍ ያዩኝና «ይህ ሰውዬ ለማን ነው የሚዘንጠው?» ይባባሉ ነበር።

ሥራዬ የንብረት ክፍል ኃላፊነት ነበር። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይለፈኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና መሥሪያ ቤቱን ምን አስነሳው። በዚያ ዘመን ንብረት ማለት የሕዝብ ንብረት ነው። የሕዝብ ንብረት የጎደለበት ሰው «ረሳሁት» ብሎ አይድንም፤ «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች። ያቺን ቃል በስብሰባ ላይ ለሌላ ሰው ሲሏት እንኳ እኔ ኪሴ ውስጥ ቁልፎቼን እቆጥር ነበር። ስለዚህ መዝጋት፣ ማሸግና ማስፈረም ጸሎቴ ሆኑ። የገንዘብ ካዝና በሁለት ቁልፍ ይዘጋል፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰዎች እጅ ይሆናሉ የሚል ደንብ አለ። ደግ ደንብ ነው፤ ለካዝና። እኔ ግን ለብር የሚበጅ ደንብ ለመፍቻ ለምን አይበጅም ብዬ፣ ማንም ሳያዘኝ ለመሣሪያ ሳጥንም አደረግሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት በስተሰሜን ባሕር ዳር ካለችው ከጥዖ በራዲዮ መልእክት መጣ። የላከችው የጥዖ ጤና ጣቢያ ነርስ ሲስተር ብርሃኔ ናት። «የውሃ ጉድጓዱ ፓምፕ ከቆመ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ፒስተኑ ተሰብሯል። ሕዝቡ የሚጠጣው ጨው ያለበት ውሃ ነው፤ ሕፃናቱን ተቅማጥ ጀምሯቸዋል። ፒስተን በአስቸኳይ።» ፒስተኑ በእኔ ግምጃ ቤት ነበር፤ መደርደሪያ ሦስት፣ ከላይ ሁለተኛው። ባሕሩ በነፋስ ስለታወከ ጀልባ አይወጣም። ሥራ አስኪያጃችን ጠራኝና «በመኪና ራስህ አድርስ። ለልጆቹ ድረስላቸው፤ እግዜር... ማለቴ፣ አብዮቱ ይቁጠርልህ» አለኝ።

እኔ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአሰብ ከተማ ወጥቼ አላውቅም። በረሃ የሚባለውን የማውቀው በመስኮት ነው። ቢሆንም አልደነገጥኩም፤ ወረቀት አለኛ! ያን ቀን ከሰዓት ታይፕ ላይ ተቀምጬ «ለበረሃ ጉዞ አስፈላጊ ዕቃዎች» የሚል ዝርዝር በአራት ኮፒ መታሁ። ዝርዝሩ አርባ አንድ ነበር። ክሪክ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ አሸዋ ላይ የሚነጠፍ ጣውላ፣ ካቻቢቴ በየመጠኑ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ የጎማ ካላማዳሪ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ፣ መጋዝ፣ መዶሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ክብሪት። አርባኛው መርፌና ክር ነበር። አርባ አንደኛው ፒስተኑ ነው፤ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሎ። ሳነበው ራሴን አደነቅሁ። ይህን ዝርዝር ይዞ የሚሞት ሰው ካለ መሞት የፈለገ ነው አልኩ።

ለዚህ ሁሉ ሳጥን ያስፈልጋል። ወደብ አጠገብ ላሜራ የሚበይድ አንድ ጎበዝ አካፋው ሳይቀር የሚያስገባ፣ ሬሳ ሳጥን የሚያክል ብረት ሳጥን ሌሊቱን ሠራልኝ። አርባ አንዱንም ዕቃ አንድ በአንድ እየጠራሁ አስገባሁ። የቁጥጥር ሠራተኛችን ጓድ ይልማ እያንዳንዱን በእርሳስ ጭረት አደረገበት። ጓድ ይልማ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሳል ሲመጣበት እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነበር። እኔ በአንደኛው ጓጉንቸር ዘጋሁ፤ እሱ በሁለተኛው ዘጋ። መሐሉን በቀለጠ እርሳስ ማኅተም አሸግነው። እኔ ቁልፌን ኪሴ ከተትኩ፤ እሱም ቁልፉን ደረት ኪሱ ከቶ ቆለፈበት። ተጨባበጥን። ደንቡ ሁለት ሰው ይላል፤ ሁለት ሰው ነበርን። ሁለቱ ሰዎች አንድ መኪና ላይ ይሳፈሩ የሚል የለውም።

ሾፌራችን ጋሽ ወልዱ ነበሩ። አሥመራ ተወልደው አሰብ ያረጁ፣ የአዲስ አበባን መንገድ በከባድ መኪና ሃያ ዓመት የተመላለሱ ሰው ናቸው። እኔን «ጓድ ንብረት» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ሳጥኑ አራት ወዛደር ይዞት ሲመጣ አይተው ከሽርጣቸው ጫፍ ላብ ጠረጉና፦

«ዋይ! ሰው ነው የምንቀብረው?» አሉ።

«መሣሪያ ነው ጋሽ ወልዱ። ለጉዞው አስፈላጊ የሆነ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።»

«ከወንበሬ ሥር አንዲት የጎማ መፍቻ አለችኝ፤ እሷ ትበቃኛለች።»

«ያልተመዘገበ መፍቻ?» አልኩ በድንጋጤ። «እሷንም ወደ ሳጥኑ...»

«ጓድ ንብረት፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እሷን የነካ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው።»

ተውኳት። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ብልህ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ማክሰኞ ስንወጣ ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ጋሽ ወልዱ ያውቋቸዋል፤ ሐጂ ሁመድ ይባላሉ፤ ወደብ ላይ ብዙ ዓመት ጭነት ያራገፉ፣ አሁን ጥዖ አጠገብ ወዳሉት ቤተሰቦቻቸው የሚሄዱ የአፋር ሰው ናቸው። አማርኛቸውን የተማሩት ከወደብ ስለሆነ ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የሚሉት፤ አስተዳዳሪውንም ጭምር።

«ሰላም አለይኩም። ጥዖ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ። ዕቃዎ የት አለ ሐጂ?»

«ይኸው» አሉና በእጃቸው ራሳቸውን ከላይ እስከ ታች አሳዩኝ። ሽርጥ ለብሰዋል፣ ወገባቸው ላይ ጊሌ የምትባለዋ ቆልማማ ቢላ አለች፣ ትከሻቸው ላይ በትር፣ ክንዳቸው ሥር ትንሽ የፍየል ቆዳ አቁማዳ፣ አፋቸው ውስጥ መፋቂያ። በሆዴ ቆጠርኩ፤ አምስት። የእኔ አርባ አንድ። አዘንኩላቸው። ከኋላ ወጥተው ሳጥኔ ላይ ተቀመጡና ጉዞ ጀመርን።

አገሩን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በመስኮት ያየሁት በረሃ አልነበረም። በቀኝ በኩል ባሕሩ አለ፤ ቀለሙ ሦስት ዓይነት ነው፣ ዳሩ ነጣ ያለ፣ መሐሉ አረንጓዴ፣ ከማዶ ጥቁር ሰማያዊ። በግራ ድንጋይ ነው፤ እሳት ያቀለጠው፣ ቀልጦ ሲፈስ ድንገት «ቁም» የተባለ ጥቁር ድንጋይ፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ። በመሐል ነጭ ጨው የተነጠፈበት ሜዳ። ሰው የለም፤ ዛፍ የለም፤ ግን ባዶ ነው ለማለት አፌ አልደፍር አለኝ። አንድ ታላቅ ሰው ቤት ሳያንኳኳ የገባሁ ያህል ተሰማኝና ከረባቴን አስተካከልኩ። ጋሽ ወልዱ በጎን አይተውኝ፦

«ለማን ነው?» አሉ።

«እንጃ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር።

ቤይሉል የምትባለዋን መንደር አልፈን ብዙም ሳንሄድ መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ገባች። ጋሽ ወልዱ ማርሽ ለዋወጡ፤ ጎማው ዞሮ ዞሮ ሆዱ ድረስ ሰመጠ። እኔ በደስታ ዘለልኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ቀኔ ደረሰ! አካፋ፣ ዝርዝር ቁጥር ሁለት! ጣውላ፣ ዝርዝር ቁጥር አራት! ወደ ኋላ ሮጬ ሐጂን ከሳጥኑ አስነሳሁና ቁልፌን አውጥቼ የመጀመሪያውን ጓጉንቸር ከፈትኩ። እጄን ለሁለተኛው ዘረጋሁ። እንደ ተዘረጋ ቀረ።

አያችሁ፣ ሰው ሞኝነቱን የሚያውቅበት ቅጽበት ድምፅ የለውም። ነፋሱ ብቻ ነበር የሚሰማው። የጓድ ይልማ ደረት ኪስ በዓይኔ መጣ፤ ቁልፉ፣ ኪሱ፣ ሳሉ ሳይቀር።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ወልዱ።

«ሁለተኛው ቁልፍ አሰብ ነው።»

ጋሽ ወልዱ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ቀጥለው ሳጥኑን አዩ። ቀጥለው ወደ ሰማይ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» አሉ በመጨረሻ፣ ከአንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ጋር እየታገሉ። «ዞር በል፤ ልስበረው።»

እኔ ሳጥኑ ላይ ተኛሁበት። ሱሪዬን፣ ከረባቴን፣ ኃላፊነቴን ይዤ በደረቴ ተደፋሁበት። «አይሆንም ጋሽ ወልዱ! ማኅተም አለው! ሁለታችን ፈርመናል፤ ሁለት ሰው ካልተገኘ አይከፈትም! የሰበረ አሻጥረኛ ነው የሚባለው!» ሐጂ ሁመድ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው በጥሞና ይሰሙኛል።

«ምለሃል?» አሉኝ።

«ከመማል በላይ ሐጂ! ፈርሜያለሁ!»

ራሳቸውን ነቀነቁና መፋቂያቸውን መለሱ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ተንበርክከው አሸዋውን በእጃቸው መዛቅ ጀመሩ። ከጎማው ፊት ዛቁ፣ ከጎማው ትንፋሽ አስቀነሱ፣ ከአካባቢው ደረቅ ቁጥቋጦ ሰብረው ከሥር ጎዘጎዙ። መኪናዋ ተነፋፍሳ ወጣች። አርባ አንዱ ዕቃዬ ሳይነካ ወጣች።

ጎማ የፈነዳው ከዚያ በኋላ ነው። ትርፍ ጎማው ከላይ ታስሯል፤ ክሪኩ ግን ሳጥን ውስጥ ነው። ሐጂ ድንጋይ አምጥተው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ካቡ፤ ከጎማው ሥር ጉድጓድ ማሱ፤ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ክሪክ የሚያነሣው መኪናን ነው፤ እሳቸው መሬቱን አወረዱት። ጋሽ ወልዱ ያልተመዘገበችውን መፍቻ ከወንበራቸው ሥር አውጥተው ሳሟት። እኔ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጌ በማጣቴ በሳጥኑ ጥላ ተቀመጥኩ። እስካሁን የሰጠው ጥቅም ይኸው ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከፊት «ጠሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ራዲያተሩ እንደ ድስት መንተክተክ ጀመረ። ቺንጋው ተበጥሷል። ቺንጋ የሌለው ሞተር ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ከኋላ ወጥቼ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ዝርዝር ቁጥር ዘጠኝ፣ አዲስ ቺንጋ፣ ከጭኔ ሥር ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ በብረት ታፍኖ ተኝቷል። የቀረንን ውሃ አብዛኛውን ራዲያተሩ ጠጣው። አንዱ ጀሪካን ባዶ፣ ሌላው ከግማሽ በታች። በዚያን ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት መጣብኝ። የፈራሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ የሲስተር ብርሃኔ መልእክት ቃል በቃል በጆሮዬ ይጮህ ነበር። ዘጠኝ ቀን ያለችው አሁን አሥራ አንድ ሆኗል። ልጆቹ ጨው ውሃ እየጠጡ ነው፤ እኔ ፒስተኑ ላይ ተቀምጫለሁ።

«አሁንስ?» አሉ ጋሽ ወልዱ ድንጋይ አንሥተው።

ልቤ ራሱ ሁለት ቁልፍ ነበረው መሰለኝ። «አንዴ... ትንሽ እንጠብቅ» አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጋሽ ወልዱ ገፋ አድርገውኝ ጓጉንቸሩን ሦስት ጊዜ መቱት፤ ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ፤ ጓጉንቸሩ አልተነቃነቀም። ያ የጣሊያን ዘመን ጓጉንቸር ነው፤ ራሴ ነበርኩ ከመጋዘን ሁሉ የመረጥኩት።

ዞር ስንል ሐጂ ሁመድ የሉም። ባዶው ጀሪካንም የለም። «ጥለውን ሄዱ» አልኩ። ጋሽ ወልዱም «የጣሉት አንተን ነው፤ እኔ አብሬ ተጣልኩ እንጂ» አሉኝ። ሰዓት ሊሞላ ሲል ሐጂ ከባሕሩ በኩል ጀሪካኑን በትከሻቸው ተሸክመው ብቅ አሉ። ጎንበስ ብዬ ቀመስኩት። ጣፋጭ ውሃ! አሰብ ከቧንቧ ከምንጠጣው የጣፈጠ! እጃቸውን ይዤ «ከየት?» አልኩ። ወሰዱኝ። ከባሕሩ ዳር፣ ማዕበሉ ከሚደርስበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ አሸዋው ላይ በክንድ የተማሰች ጉድጓድ አለች። ከታች ውሃ አቅርራለች።

«ባሕሩ አጠገብ ነው እኮ! ጨው አይደለም?»

«ጨው ከባድ ነው፤ ታች ይተኛል» አሉ። «የዝናብ ውሃ ቀላል ነው፤ ላዩ ላይ ይተኛል። ብዙ ከቆፈርክ ጨው ታገኛለህ። ትንሽ ከቆፈርክ ውሃ ታገኛለህ። አንተ ብዙ ትቆፍራለህ» አሉና ሳቁብኝ።

አጃኢብ! ቆሜ ቀረሁ። ባሕር የሚያክል ጨው ላይ አንዲት ስስ ጣፋጭ ውሃ ተኝታ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከኋላዬ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ዕቃውን አምስት ብዬ ቆጥሬለት አዝኜለታለሁ። እውቀቱን የት ልመዝግበው? በየትኛው መደርደሪያ ላስቀምጠው? እንባዬ መጣ፤ በላቡ ውስጥ ስለተደበቀ አልታወቀብኝም።

ውሃው ተገኘ፤ ቺንጋ ግን ይቀራል። ጋሽ ወልዱ ዓይናቸውን ከረባቴ ላይ ጣሉ። ሰጠሁ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ተገምዶ ታሰረ፤ መኪናዋ ተነሣች፤ አንድ ኮረብታ ሳናልፍ ከረባቴ ተበጣጥሶ በሞተሩ ውስጥ ተበተነ። ጋሽ ወልዱ የራሳቸውን ሽርጥ ሊፈቱ ሲሉ ሐጂ ከለከሏቸው።

«ሽርጥ ስስ ነው። ያንን ጥቁሩን ስጥ» አሉና በመፋቂያቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«የቱን ጥቁር?»

የቱን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ከመኪናዋ ጀርባ ዞሬ የሱፍ ሱሪዬን አወለቅሁ። ሐጂ በጊሌያቸው ወደ ረጃጅም ጠፍር ተለተሉት፤ እንደ ጅራፍ ሦስት አድርገው ገመዱት፤ ውሃ አጠጡት፤ አሰሩት። ጋሽ ወልዱ ከሻንጣቸው ትርፍ ሽርጥ ወርውረውልኝ ራሳቸው አሸረጡልኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ እግሬን ጎበኘው። እናንተ ሆይ! ለካ አሰብ ነፋስ አለው! ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ይህን እያወቀ ዝም አለኝ ብዬ ተቆጣሁ፤ ከዚያ ነግረውኝ እንደነበረ ትዝ አለኝ።

ሱሪዬም ቢሆን ያለ ቦታው ኖሮ ነው እንጂ ለቺንጋነት የተፈጠረ ጨርቅ ነበር። አንደኛው እግር እድ እስከምትባለዋ ከተማ አደረሰን፤ ሁለተኛው እግር ጥዖ አስገባን።

ጥዖ ስንደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። ከጉድጓዱ አጠገብ ባዶ ጀሪካን፣ ጣሳና ባልዲ ተሰልፎ ጠበቀን፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ጫጫታ የለም። ሕፃናት ያዘሉ እናቶች አሉ፤ ሕፃናቱ አያለቅሱም፤ አለማልቀሳቸው ነው ያስደነገጠኝ። ሲስተር ብርሃኔ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ሮጣ መጣች። ፊቷ በእንቅልፍ እጦት ጠቁሯል።

«ተመስገን! ፒስተኑን ይዛችኋል?»

«ይዘናል።»

«የታለ?»

ሳጥኑን አሳየኋት። የመንደሩ ጎረምሶች ለአራት አወረዱትና አሸዋው ላይ አስቀመጡት። አንዱን ጓጉንቸር በቁልፌ ከፈትኩ። ሌላውን አልከፈትኩም።

«ቁልፉ ጓድ ይልማ ጋ ነው» አልኳት። «ጓድ ይልማ አሰብ ነው። በራዲዮ ብንጠራው፣ ባሕሩ ጸጥ ሲል በጀልባ...»

ሲስተር ብርሃኔ አልጮኸችብኝም። ከአንዲት እናት ላይ ሕፃን ተቀብላ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልብስ ብቻ የያዝኩ መሰለኝ። «ይፈርሙና ይረከቡኝ» አለችኝ። «እስከ ጀልባው ድረስ ኃላፊው እርስዎ ነዎት።»

እኔ በሕይወቴ ያልፈረምኩት ንብረት የለም። ያንን ግን መፈረም አልቻልኩም። ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። በዚያች ቅጽበት አሻጥር የምትለዋ ቃል ከነማስፈራራቷ የት እንደሄደች አላውቅም።

«ስበሩት!» ብዬ ጮህኩ። «ስበሩት፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው! እኔ ብቻዬን እፈርማለሁ!»

ዓሣ አስጋሪዎች የጀልባ መልሕቅ ይዘው መጡ። አንዱ ጎልማሳ መልሕቁን ከራሱ በላይ ሲያነሣ ሐጂ ሁመድ በትራቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ለምን ይሰበራል?» አሉ። ወደ ሳጥኑ ጀርባ ዞሩና ቁጢጥ አሉ። ያ ጎበዝ በያጅ ክዳኑን ከሳጥኑ ጋር ያያያዘው በማጠፊያ ውስጥ ባለፈ አንድ ረጅም ብረት ነበር። ሐጂ በጊሌያቸው ጫፍ ብረቱን ከአንድ ወገን ገፉት። ከሌላው ወገን ወጣ። በሁለት ጣታቸው ሳቡት። ክዳኑ ከጀርባው ተነሣ፤ ጓጉንቸሩም ማኅተሙም ከፊት ለፊት እንደታሸጉ ቀሩ። አርባ አንዱም ዕቃ ፀሐይ አየ።

ጋሽ ወልዱ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። እኔ ሕፃኑን እንደያዝኩ፦ «ሐጂ!» አልኩ፤ ድምፄ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር፤ «ይህን መቼ ነው ያወቁት?»

«ስቀመጥበት። ቂጤን ወጋኝ» አሉ።

«ከአሰብ ጀምሮ? ታዲያ አሸዋው ላይ፣ ቺንጋው ሲበጠስ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

ሐጂ ሁመድ ተገርመው አዩኝ። «አንተ ከመማል በላይ ነው አልክ፣ ሁለት ሰው ካልተገኘ አይከፈትም አልክ። የሰው መሐላ ነው አልኩ። መሐላ በቢላ አይነካም። አሸዋ በእጅ ይወጣል፤ ውሃ ከመሬት ይወጣል፤ ለምን መሐላህን አስፈርስሃለሁ?» አሉኝ። ከዚያ ሕፃኑን በዓይናቸው እያመለከቱ «አሁን አንተ ራስህ ለቀቅኸው» አሉ።

እኔ በፍርሃት የያዝኩትን ነገር እሳቸው ቃል ኪዳን መስሏቸው ሁለት ቀን ሙሉ ጥፍራቸው እስኪደማ አሸዋ ዛቁለት፤ ድንጋይ ካቡለት። እስከ ዛሬ እንደዚያ አክብሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንደዚያም አፍሬ አላውቅም።

ፒስተኑ ተገጠመ። ፓምፑ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፤ ሦስተኛው ላይ ያዘ። ውሃው ሲወርድ ያ ዝም ያለ ሕዝብ አንድ ላይ ያሰማው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። ሲስተር ብርሃኔ ከሁሉ በፊት ጨውና ስኳር መጥና የበጠበጠችውን በማንኪያ ለሕፃኑ ሰጠችው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ልንመለስ ስንል ያ ልጅ አገር ይያዝልኝ ብሎ ሲያለቅስ ትቼው መጣሁ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ የለም።

መቼም ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን የንብረት ክፍል ነው። በአዲሱ ቺንጋ፣ የማጠፊያውን ብረት መልሰን ሰክተን አሰብ ገባን። ጓድ ይልማ ማኅተሙን በመነጽሩ መረመረ፤ አልተነካም። ጓጉንቸሩን መረመረ፤ ጠባሳ አለው፣ አልተከፈተም። ቁልፉን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በክብር ከፈተ። ቆጠረ። ሠላሳ ዘጠኝ።

«ፒስተኑስ?»

«ጥዖ ውሃ እየሳበ ነው።»

«ቺንጋው?»

«መኪናው ላይ ነው።»

ጓድ ይልማ ማኅተሙን አየ፤ እኔን አየ፤ ሽርጤን ደግሞ ትንሽ ረዘም አድርጎ አየ። ሳጥኑን ዞረው። ሁሉንም አልደበቅሁትም፤ ብረቱን አሳየሁት፣ ሐጂን ነገርኩት፣ ሕፃኑን ነገርኩት። ሰማኝ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፤ በላብ ይሁን በሌላ አላወቅሁም። ከዚያ ተቀምጦ ሪፖርት ጻፈ። ቅጣት አልጠየቀብኝም፤ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር። ግን የቁጥጥር ሰው ነውና የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ ነበረበት። ሐሳቡ ጸደቀ፤ በሳምንቱም ሥራ ላይ ዋለ።

ከወር በኋላ ሐጂ ሁመድ ወደብ መጥተው መሥሪያ ቤት ጠየቁኝ። እኔም በሽርጥ፣ እሳቸውም በሽርጥ፣ በር ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ስለ ልጁ ነገሩኝ፤ መሄድ ጀምሯል። ቀጥለው የሳጥኔን ደኅንነት ጠየቁ።

«ደህና ነው ሐጂ» አልኩ። «ሦስተኛ ጓጉንቸር ተጨምሮበታል።»

ሐጂ ሁመድ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«በየት በኩል?» አሉኝ።

«ከፊት ለፊት» አልኳቸው።